ጦስኝ የገባበት አረቄ

አርብ ገበያ ከተማ ላይ የሐረገ ወይንን ቤት ለማግኘት ሰው መጠየቅ አያስፈልግም፤ አፍንጫን ማስቀደም ብቻ ነው። እህል ሲታመስ አንድ ሽታ አለ፣ ድፍድፉ ሲብላላ ሌላ፣ አረቄው ሲወርድ ደግሞ ያ ሁሉ ሰው የሚያውቀው፣ የመንደሩን ወንድ በሆነው ባልሆነው ምክንያት በደጇ የሚያሳልፈው ሽታ። በዚያ በጥር መጨረሻ ሳምንት ግን ከግቢዋ የወጣው ሽታ ለመንደሩ እንግዳ ነበር። አረቄ ነው እንዳይባል ተራራ ተራራ ይላል፤ ጦስኝ ነው እንዳይባል አፍንጫ ይሰነፍጣል።

«አንቺ ሐረጌ! ምን እየሠራሽ ነው?» አለች ጎረቤቷ ዓለሚቱ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ። «አበድሽ እንዴ?»

«ገና ነኝ!» አለች ሐረገ ወይን ማማሰያዋን እያወዛወዘች። «የማብደው እሑድ ነው!»

እሑድ ሽማግሌ ሊመጣ ነው። ለልጇ ለሩታ እንዳይመስላችሁ። ሩታ እዚያው ከተማ ባዮሎጂ ታስተምራለች፤ የባል ነገር ሲነሳባት ስልኳን አውጥታ መጎርጎር ነው ሥራዋ። ሽማግሌ የሚመጣው ለእናትየዋ፣ ለራሷ ለሐረገ ወይን ነው! አርባ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ባሏን ከቀበረች ብዙ ክረምት አልፏል፣ እና ሽማግሌ ሊመጣላት ነው። ይህን በሆዷ ይዛ እንዴት አርፋ ትቀመጥ? ከሰኞ ጀምሮ እህል አልወረደላትም። እሳት ልታነድ ትገባና ክብሪቱን ረስታ ትወጣለች፤ ክብሪቱን ልታመጣ ትሄድና ፀጉሯን ስትሠራ ትገኛለች። ሩታ በሳቅ ትፈርሳለች።

ሰውየው ደምሌ ይባላል። ከእስቴ፣ ከጉና ግርጌ ነው። ገብስና ድንች የሚያርስ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ልጆቹን ለወግ ለማዕረግ ያበቃ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። አርብ አርብ ገብሱን በአይሱዙ አስጭኖ ለገበያ ይመጣል። መጀመሪያ ቤቷ የገባ ቀን አንድ መለኪያ አስቀዳ፣ ቀመሰ፣ ጥቂት አሰበና፣ «ጥሩ ነው፤ ግን አቃጥሎ ይጠፋል። አፍ ላይ የሚቀር ነገር የለውም» አላት።

በሐረገ ወይን አረቄ! የስማዳ ሰው ሁሉ ይምልበት በነበረው በእናቷ አረቄ! ደሟ ፈላ።

«ምን እንዲቀርልህ ፈልገህ ነው?» አለችው። «ጥርስህ ከቀረልህ አይበቃህም?»

ሰውየው አልተቀየመም። ሳቀ፣ ሒሳቡን ከፈለ፣ ሄደ። በሚቀጥለው አርብ ተመለሰና ከጋቢው ሥር እቅፍ ሙሉ ጦስኝ አወጣ፤ ከጉና ላይ ተነቅሎ ጥላ ሥር የደረቀ። «ይሄን ሞክሪበት» ብሎ መደቡ ላይ አስቀምጦላት ወጣ። እሷም በእልህ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። እንግዲህ ጦስኝ ዝም ብሎ አይሰቀልም፤ ሳምንቱን ሙሉ ቤቱን ሞላው። ጠዋት ስትነሳ ይሸታታል፣ ማታ ስትተኛ ይሸታታል። በሚቀጥለው አርብ ደምሌ ሌላ እቅፍ ይዞ ሲመጣ ሐረገ ወይን አዲሱን ነጠላዋን ለብሳ ተገኘች። «ዛሬ ምን በዓል ነው?» ብሎ የጠየቃት ጠጪ መልስ አላገኘም።

ታዲያ ፈቃዷ ከሆነ ምን አስቸገረ? አስቸጋሪውማ ጋሽ ታፈረ ናቸው።

ሐረገ ወይን የተወለደችው ስማዳ ነው። እናቷ ወገዳ ላይ አረቄ እያወጡ የሚኖሩ ሴት ነበሩ፤ ልጅቱ ገና የወተት ጥርሷን ሳትጨርስ ድፍድፍ በጣቷ እየነካች «ደርሷል፣ አልደረሰም» ትል ነበር። እናትየዋ ሲያርፉ ታላቅ ወንድሟ ታፈረ ሬሳውን ቀብረው፣ ሙሾው ሳያባራ፣ ትንሽቱን እህታቸውን በበቅሎ ኋላ አፈናጥጠው ወደ አርብ ገበያ አመጧት። አሳደጓት። ዳሯት። ባሏ ሲሞትባት ደግሞ እሷ አልቅሳ ሳትጨርስ ከወገዳ የእናታቸውን የአረቄ ማሰሮ አስመጥተው ደጇ ላይ አስቀመጡላት። «በይ ተነሺ፣ ሕፃን አለብሽ» ብቻ ነበር ያሉት። በዚያች ማሰሮ ሩታ ተማረች።

ጋሽ ታፈረ ማታ ማታ ከብቶቻቸውን አስገብተው፣ ጋቢያቸውን ደርበው ይመጣሉ። በሩ አጠገብ ያለችው መደብ የእሳቸው ናት፤ ሌላ ሰው ቢቀመጥባት አጠገቡ ቆመው ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። አንድ መለኪያ ይቀዳላቸዋል። ስለ ማሽላው፣ ስለ ደመናው፣ ስለ ጎረቤት በሬ ያወራሉ። ከዚያ «በሉ ደኅና እደሩ» ብለው ይሄዳሉ። አንድም ማታ ቀርተው አያውቁም።

አምና ይህን ጊዜ ደምሌ ሽማግሌ ልኮ ነበር። ለሐረገ ወይን አባት የለም፤ ስለዚህ ሽማግሌ የሚቀበሉት ጋሽ ታፈረ ናቸው። «ደግ ነው፤ እንመካከርበት» አሉ። ይህ ወግ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል የለም። ሽማግሌዎቹ ወጡ። ሐረገ ወይን የምክሩን ቀን መጠበቅ ጀመረች። ሑዳዴ ገባ፣ ፋሲካ አለፈ፣ ክረምቱ መጣ፣ መስከረም ጠባ። ጋሽ ታፈረ ማታ ማታ ይመጣሉ፣ ስለ ማሽላው ያወራሉ፣ ይሄዳሉ። ወይ ምክር! ምክሩ ከማሽላው ጋር ታጭዶ ተወቅቶ ጎተራ ገባ መሰለኝ።

«እማ፣ ሕጉኮ የሚጠይቀው አንቺን ነው» ትላታለች ሩታ። «ሄዳችሁ ትፈራረማላችሁ፣ አለቀ። ኦኬ?»

«የእናቴን ሬሳ ያነሳ እጅ ሳይመርቀኝ የትም አልሄድም» ትላለች ሐረገ ወይን። «ማርያምን አልሄድም!»

ደምሌም የራሱ ነገር አለው። ከገና በፊት በነበረው አርብ መለኪያውን እያዞረ፣ ዓይኗን ሳያይ፣ «ሽማግሌ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ደግሜ የምልከው» አላት። «ሰው እያመላለስኩ ስምሽን መጫወቻ አላደርገውም። ያኔም እንመካከር ካሉ እምቢ ማለታቸው ነው ብዬ እወስደዋለሁ። አርብም በዚህ በኩል አላልፍም።» ይህን የሚለው ኩርፊያ ይዞት አይደለም። የምሩን ነው፤ እሷም የምሩን እንደሆነ አወቀች። 

እንግዲህ እሑድ የሚቆረጠው ይህ ነው። ወይ ጋሽ ታፈረ እሺ ይላሉ፣ ወይ ደምሌ በሌላ መንገድ ያልፋል።

ሐረገ ወይን ግን ቁጭ ብላ የምትጨነቅ ሴት አይደለችም። ጭንቀቷን ወደ ሥራ አዞረችው። በዚህ አገር ሽማግሌ ቃል ሳይሰማ ውሃም አይቀምስም። ቃል ሳይሰጠው ከቀመሰ ልመናው ከልመና አይቆጠርም፤ እንደማንኛውም መንገደኛ ጠጥቶ ሄደ ማለት ነው። እሺ ከተባለ በኋላ የሚቀዳው የመጀመሪያ መለኪያ ደግሞ የቃሉ ማሰሪያ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ነገሩ አይፈታም። «ያን መለኪያ» አለች ሐረገ ወይን፣ «ያን መለኪያ በተራ አረቄ አልሞላውም!»

የመጀመሪያ ሙከራዋ ታኅሣሥ ላይ ነበር፣ እሱም ጉድ ሆኖ ቀረ። ጦስኙን ከነእንጨቱ አረቄው ውስጥ ነክራ ሳምንት ረሳችው። ስትከፍተው ጠቁሯል። ሩታ በማንኪያ ቀመሰችና ግቢውን ሦስት ጊዜ ዞረች። ጋሽ ታፈረ ግን የተቀዳላቸውን እስከ ጠርዙ ጠጡና አፋቸውን ጠርገው፣ «ለከብት ቢሆን ያሽራል» አሉ።

አሁን ግን አወቀችበት። ድፍድፉን ማሰሮው ውስጥ ሞላች፣ አፉን ከደነች፣ መቃውን ሰክታ ዙሪያውን በጭቃ መረገች፤ ትንፋሽ እንኳ እንዳያመልጥ። መቀበያውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አስቀመጠችና እሳቱን ከሥሩ በልኩ አነደደችው። እሳት ከበዛ ድፍድፉ ገንፍሎ በመቃው ይመጣል፤ ካነሰ ደግሞ አረቄው ይኮራል። ውሃው ለብ ሲል ትደፋለች፣ ሌላ ትቀይራለች። መጀመሪያ የወረደውን አስወገደች። የቀረውን ሰብስባ መልሳ ጣደችና ዳግም አወጣችው። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ። በክብሪት ስትለኩሰው ሰማያዊ ሆኖ ነደደ።

«እሰይ የኔ ጌታ!» ብላ እጇን አጨበጨበች።

ሩታ ስልኳን ደግና ሁሉን ትቀርጻለች። «እማ፣ ወደዚህ ዙሪ! ብርሃን የለም! እስቲ እንደገና ለኩሺው!»

«እንደገና ለኩሼ ቤቱን ላቃጥልልሽ?»

ከዚያ ጦስኙ መጣ። ቅጠሉን ከእንጨቱ ለየች፣ በእጇ እያሸች ጠርሙስ ውስጥ ጨመረች፣ ጥቂት የእንስላል ፍሬ አከለችበት። ሁለት ሌሊት ብቻ! በነጭ ጨርቅ አጠለለችውና አንድ ማንኪያ ማር በጥቂት በጥቂቱ አሟሟችበት። ወርቃማ ሆነ። ቅዳሜ ማታ በመዳፏ ጠብ አድርጋ ቀመሰች። መጀመሪያ ማሩ መጣ፣ ከዚያ ቃጠሎው፣ ከዚያ ቃጠሎው ሲሄድ ጦስኙ ብቻውን ምላሷ ላይ ተቀመጠ። ተቀመጠ፣ አልነሳም አለ። ሐረገ ወይን ዓይኗን ጨፍና ቆመች። «ቀረ!» ብላ ጮኸች። «ሩታዬ! አፌ ላይ ቀረ!» እናትና ልጅ ተቃቅፈው ማድ ቤት ውስጥ ዘለሉ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሽማግሌዎቹ ደረሱ። ሁለት ናቸው። አንደኛው መሪጌታ ይሁኔ ናቸው፣ ከድጓው ደብር ከቤተ ልሔም፤ ዜማቸውን እዚያው ተምረው እዚያው የሸበቱ። ሁለተኛው የደምሌ ጎረቤት አያ አወቀ ናቸው፣ ከእስቴ ድረስ የመጡ፤ ብርድ መቷቸው ደረታቸው እንደ ወናፍ ያጓራል። ደምሌ ራሱ እንደ ወጉ አልገባም። ከገበያው ዳር ባሕር ዛፍ ሥር ቆሞ ነው፤ ሩታ ከጓዳው መጋረጃ ኋላ ሆና በስልክ ወሬ ታቀብለዋለች።

«ሰላም ለዝንቱ ቤት» አሉ መሪጌታ በሩ ላይ ቆመው።

«እንደምን አረፈዳችሁ፤ ግቡ፣ ተቀመጡ» አሉ ጋሽ ታፈረ ከመደባቸው ተነሥተው። አዲሱን ጋቢያቸውን ለብሰዋል፤ ፊታቸው ግን እንደ ተዘጋ ሱቅ ነው።

መሪጌታ ቆመው ነገሩን ተናገሩ። አምና መጥተው እንደነበር፣ እንመካከርበት ተብሎ እንደነበር፣ ደምሌ ሰው አክባሪ እንደሆነ፣ ሐረገ ወይንን ወዶ አክብሮ እንደለመነ። ተናግረው ተቀመጡ። ሐረገ ወይን ከመጋረጃው ኋላ ሩታን እጇን ጨምድዳ ይዛ ታዳምጣለች። 

ጋሽ ታፈረ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዘንድሮ ማሽላው እንዴት እንደነበረ ጠየቁ። እስቴ ውርጭ መትቶ እንደሆነ ጠየቁ። የመንገዱን ነገር አነሱ። ከዚያ፣ «መቼም ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ በአንድ ጊዜ...» ብለው ጀመሩ።

«ወይኔ!» አለች ሐረገ ወይን በሹክሹክታ። «ሊሉት ነው!»

ጋሽ ታፈረ ግን ሳይጨርሱት ወደ ጓዳው ዞሩ። «ሐረጌ! ሰዎቹ ከመንገድ ነው የመጡት። የሚቀመስ አምጪ እንጂ!»

አዬ ብልጠት! ሽማግሌ እንደማይቀምስ እያወቁ! መለኪያው ሳይነካ ይቆይና፣ ወሬው በማሽላና በውርጭ ይቀዘቅዝና፣ እንግዶቹ በደረቅ ጉሮሮ እንዲነሱ ነው። ሐረገ ወይን ምን ታድርግ? ታላቅ ወንድም አዟል፣ እንግዳ ተቀምጧል። ጠርሙሱንና መለኪያዎቹን ይዛ ወጣች። በመዳፏ ጠብ አደረገች፣ እንደ ቀጂ ወግ ቀመሰች፣ ለሁለቱ ሽማግሌዎች ሞላች። ሽታው ወጣ። ጉና ራሱ ተነሥቶ ቤት የገባ ነው የመሰለው።

«ይቀመጥልን፤ ቃል ስንሰማ» አሉ መሪጌታ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተው።

አያ አወቀ ግን ሳል ያዛቸው። ሲስሉ ሲስሉ እንባቸው መጣ። ሳሉ ሲተዋቸው አየር ወደ ውስጥ ሳቡ፤ ያም ሽታ አብሮ ገባ። የገዛ አገራቸው፣ የገዛ ተራራቸው ሽታ! እጃቸው በራሱ ጊዜ ተንቀሳቀሰ። መለኪያውን አነሱ። ጭልጥ አደረጉት።

«እሰይ!» አሉ፣ ደረታቸውን እየዳሰሱ። «እሰይ! ይሄማ የኛው ጦስኝ ነው! እግዜር ይስ...»

ቃሉ አፋቸው ላይ ደረቀ። ባዶውን መለኪያ አዩት። መሪጌታን አዩ። መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

ከመጋረጃው ኋላ ሩታ ስልኳን ጣለች።

«እንግዲህ» አሉ ጋሽ ታፈረ ቀስ ብለው፣ ፊታቸው ሲፈታ እየታየ። «በእንግድነት መጣችሁ፣ ቀመሳችሁ፣ ደግ አደረጋችሁ። ልመና መሆኑ ቀርቷል። ለሌላ ጊዜ እግዜር ያድርሰን።» ብድግ አሉ።

«እኔ ነኝ! እኔ ሽማግሌው ነኝ ያፈረስኩት!» አሉ አያ አወቀ። ድምፃቸው ተሰበረ። «በዚህ ዕድሜዬ! ምን ብዬ ነው ደምሌ ፊት የምቆመው?»

ሐረገ ወይን ጠርሙሱን እንደያዘች መሐል ቤት ቆማለች። ወደ ጓዳ መመለስ ነበረባት፤ ሴት ልጅ ሽማግሌ ፊት ስለ ራሷ አትናገርም። እግሯ ግን አልንቀሳቀስ አለ። 

«ወንድም ጋሼ፣ ይቀመጡ» አለች።

ጋሽ ታፈረ ከድንጋጤ የተነሣ ተቀመጡ።

«አያ አወቀ ምንም አላፈረሱም። ሽማግሌ እሺ ሲባል ይቀምስ የለም? እኔ ስቀዳላቸው እሺ ብዬ ነው። በመዳፌ ቀምሼ፣ በልቤ እሺ ብዬ ነው የቀዳሁት። ኧረ እኔማ ከአምና ጀምሮ እሺ እንዳልኩ ነኝ!»

«አንቺ አልሽ እንጂ እኔ አላልኩም» አሉ ጋሽ ታፈረ።

«ልክ ነዎት። እርስዎ ሳይሉ አልሄድም፤ ምያለሁ። እምቢ ካሉኝ ይሄን ጠርሙስ እዚሁ ደፍቼ ነገ ተራውን አረቄ እጥዳለሁ፣ ማታም እቀዳልዎታለሁ፣ አላኮርፍም። ግን እንመካከር አይበሉኝ! ለሌላ ጊዜ አይበሉኝ! እሺም ከሆነ እሺ፣ እምቢም ከሆነ እምቢ ይበሉኝና ልረፍ!»

 ጋሽ ታፈረ የመደቡን ጠርዝ በእጃቸው ዳሰሱት፤ ለብዙ ዓመት ተቀምጠውበት የለሰለሰውን። እህታቸውን አላዩም። ሽማግሌዎቹንም አላዩም።

«ማታ ማታ የት ልሂድ?» አሉ።

ማንም የጠበቀው አልነበረም። 

«ሚስቴ የለች» አሉ ጋሽ ታፈረ። «ልጆቹ ባሕር ዳር ናቸው፣ በስልክ ነው የማገኛቸው። ከብቶቹን አስገብቼ ቤቴ ስገባ ድምፅ የለም። እዚህ ስመጣ ሰው ነኝ። አንቺ እስቴ ከሄድሽ ይሄ በር ተዘጋ ማለት ነው።»

«ለዚህ ነው?» አለች ሐረገ ወይን፤ እንባዋ ወረደ። «ዓመት ሙሉ ለዚህ ነው የጎተቱኝ? ሞቼ ልገኝ! ምነው ቢነግሩኝ?»

«ይሄ ይነገራል?»

በዚህ ጊዜ መጋረጃው ተገለጠና ሩታ ዘላ ወጣች። «እኔ የት ሄጄ ነው ጋሼ? ትምህርት ቤቴ እዚህ! ቤቴ እዚህ! በሩ ለምን ይዘጋል? እኔ እቀዳልዎታለሁ!»

«አንቺ?» አሉ ጋሽ ታፈረ። «አንቺ ሻይ የምታሳርሪው?»

«ሁሉንም ቀርጬዋለሁ! ከማሰሮው እስከ ማሩ! አርብ ደግሞ ደምሌ ገብስ ይዞ ሲመጣ እማም አብራው ትመጣለች። ከተሳሳትኩ ትቆጣኛለች!»

መሪጌታ ይሁኔ ጺማቸው ሥር ሳቁ። አያ አወቀ አሁንም ባዶ መለኪያቸውን እንደ ታቦት በሁለት እጃቸው ይዘዋል፤ ለማስቀመጥም ለመያዝም ፈርተዋል።

ጋሽ ታፈረ ረዥም ትንፋሽ ተነፈሱ። ዓይናቸው ጠርሙሱ ላይ ዐረፈ። ወርቃማውን አዩት። አፍንጫቸው ተነፋ። ከጋቢያቸው ሥር እጃቸውን አውጥተው ሦስተኛውን መለኪያ አነሱና ዘረጉ። «እስቲ ለእኔም ቅጂልኝ። ትልቅ ሰው ያሳሳተውን ልየው።»

ሐረገ ወይን በመዳፏ ጠብ አድርጋ ቀመሰች። ጠርሙሱን ወደ መለኪያው አዘነበለች። አንድ ጠብታ ሳይወርድ ቀና አደረገችው።

«ወንድም ጋሼ» አለች፣ እንባዋ ሳይደርቅ እየሳቀች። «ዛሬ በዚህ ቤት ቃል ሳይሰጥ የሚቀምስ የለም። እርስዎም አይቀምሱም።»

«እሰይ! ሥርዓቱ ይከበር!» አሉ አያ አወቀ፣ ነፍሳቸው ተመልሳ።

ጋሽ ታፈረ ባዶውን መለኪያ አዩት። እህታቸውን አዩ፤ ያቺን በበቅሎ ኋላ ወገባቸውን ይዛ የመጣችውን። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን አልወጣም።

«አልሰማሁም» አለች።

«እሺ!» አሉ። «እሺ ብያለሁ! ይውሰድሽ! ይባረክላችሁ! ኧረ አሁን ቅጂው!»

እልልታውን የጀመረችው ሩታ ናት፤ ዓለሚቱ ከአጥሩ ማዶ ተቀበለቻት። መሪጌታ ተነሥተው መረቁ፤ ከዚያ የታሰረ እጃቸውን ከጋቢያቸው አውጥተው የተቀመጠላቸውን መለኪያ በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት። ጋሽ ታፈረ ግን ቀስ ብለው ነው የጠጡት። ዋጡ። ጠበቁ። ምላሳቸውን ላንቃቸው ላይ አዞሩ። ዓይናቸው ውሃ ሞላ፤ ከአረቄው ይሁን ከሌላው አልታወቀም።

«ይሄስ» አሉ፣ «ሲሄድም አፍ ላይ ይቀራል።»

ሐረገ ወይን ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች፤ እሳቸውም ራሷን ይዘው ቀና አደረጓት።

ደምሌ ስልክ ተደውሎለት መጣ፤ ሲገባ ኮቴው የማይሰማው ሰው ዛሬ በሩን በትከሻው መትቶ ነው የገባው። ባርኔጣውን አውልቆ፣ የት እንደሚቀመጥ ጠፍቶት ቆመ። ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ጋሽ ታፈረ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያች ሰው ከማያስቀምጡባት መደብ ላይ ጠጋ አሉና አጠገባቸው ያለውን ቦታ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። ሐረገ ወይን ቀመሰችና ለሁለቱም ቀዳች።